ወተትና የወተት ምትክ በድሬዳዋ ገበያ

ኢንዶሜትሪዮሲስ ለያዛቸው ሴቶች ምግብ የሚሸጥ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ ጕዳይ

በድሬዳዋ ገበያ ከሚቀርቡት ሸቀጦች መካከል ወተትን ያህል ከብዙ አቅጣጫ የሚመጣ፣ በብዙ እጅ የሚያልፍና በሙቀት ቶሎ የሚበላሽ ሌላ ዕቃ ማግኘት ያዳግታል። ከሽንሌና ከኤረር በኩል የግመልና የፍየል ወተት ይመጣል፤ ከሐሮማያና ከቀርሳ ደጋ የላም ወተት በደንገጎ ቁልቁለት ይወርዳል፤ በጅቡቲ ወደብ በኩል ደግሞ የታሸገ የዱቄት ወተት ይገባል። የጾም ወራት በደረሰ ጊዜ ሱፍ፣ ተልባ፣ ሰሊጥና ለውዝ በብዙ ቤት የወተቱን ስፍራ ይተካሉ። እንዲህ በመሆኑ የድሬዳዋ ባለሱቅ ወተቱንም ምትኩንም ጐን ለጐን አድርጎ የሚሸጥ ነጋዴ ነው።

ይህ ነጋዴ ከሸማቹ ዘንድ ሊቀርብለት የሚችል አንድ ጥያቄ አለ። ጥያቄውም ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው የሴቶች ሕመም የያዛት ሴት ወተት መጠጣት ትተዋለች ወይስ አትተውም፤ ብትተውስ በምን ትተካዋለች የሚለው ነው። በልዩ ልዩ አገሮች ብዙ ሴቶች ከሐኪማቸው ምክር ሳይጠብቁ ወተትን ትተዋል፤ ይህንንም ምክንያት አድርገው ልዩ ልዩ ምትኮችን እንደ መድኃኒት የሚያስተዋውቁ ነጋዴዎች አልታጡም። ነገሩ የሴቲቱን ጤና፣ የወተት ሻጮችን እንጀራና የነጋዴውን ስም በአንድነት የሚነካ ስለሆነ፣ የታወቀውን ካልታወቀው ለይቶ መመልከት ይገባል።

ሕመሙ ምን ዐይነት ነው?

ኢንዶሜትሪዮሲስ የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል አካል ከማሕፀን ውጭ፣ ይኸውም የሴት ዕንቁላል በሚፈጠርበት ክፍል ላይ፣ በአንጀት ዙሪያና በሌላው የሆድ ዕቃ ላይ ሲበቅል የሚደርስ ሕመም ነው። በወር አበባ ጊዜ ከሥራና ከትምህርት የሚያስቀር ብርቱ ሥቃይ ያመጣል፤ በአንዳንዶቹም ላይ ልጅ ለመውለድ መቸገርን፣ የሆድ መነፋትንና የአንጀት መታወክን ያስከትላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ልጅ በመውለድ ዕድሜ ካሉት ሴቶች መካከል ከ10ሩ አንዷን ያህል፣ በድምሩም ወደ 190 ሚሊዮን የሚደርሱትን ይይዛል።

የወር አበባ ሕመም በብዙ ስፍራ እንደ ተራ ነገር ስለሚቈጠር ሕመሙ ሳይታወቅ ብዙ ዓመታት ያልፋሉ። እስካሁን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም፤ ሆኖም የሕመም ማስታገሻ፣ የሆርሞን መድኃኒትና ቀዶ ጥገና ብዙዎችን ይረዳሉ። ምግብ በእነዚህ ላይ የሚጨመር እንጂ እነዚህን የሚተካ አይደለም። ለዓመታት ስትሠቃይ የኖረች ሴት የሚያቃልልላት ነገር በየስፍራው ብትፈልግ አያስደንቅም፤ በገንዘቧ የምትገዛው ነገር እውነተኛ እንዲሆን የሚያስፈልገውም ስለዚሁ ነው።

ጥናቶች ስለ ወተት ምን ይላሉ?

ወተት ይህን ሕመም ያመጣል የሚለው አስተሳሰብ በጥናት አልተደገፈም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመውና በአሜሪካ አገር ከ70 ሺሕ በላይ የሆኑ ነርሶችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለው ጥናት የሚያመለክተው ተቃራኒውን ነው። በቀን ከ3 ጊዜ በላይ ወተትና የወተት ተዋጽኦ የሚወስዱ ሴቶች፣ 2 ጊዜ ከሚወስዱት ይልቅ በሕመሙ የመያዛቸው ዕድል 18 ከመቶ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ማለት ወተት ከሕመሙ ይከላከላል ማለት አይደለም፤ ወተት የሚያዘወትሩት ሴቶች በሌላ ነገርም ከሌሎቹ ሊለዩ ይችላሉና። ቢሆንም ወተትን በጠላትነት የሚከስሰው ሰው ማስረጃ እንደሚጐድለው ያሳያል።

በሌላው ወገን ደግሞ የሕሙማኑ የራሳቸው ቃል አለ። የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ባሳተሙት ጥናት 2,599 ሕሙማን ተጠይቀው፣ የወተት ተዋጽኦ ከተዉት መካከል 45 ከመቶ ያህሉ ሕመማቸው እንደ ቀለለላቸው ተናግረዋል። ይህ ቃል ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን ከግማሽ የሚበልጡት መሻሻል አላዩም፤ የተሻላቸውም ቢሆኑ ያሻላቸው ወተቱን መተዋቸው ይሁን ወይም በዚያው ጊዜ የለወጡት ሌላ ነገር በመጠይቅ ብቻ ሊታወቅ አይችልም።

ሁለቱን ሐሳቦች ለማስታረቅ የሚረዳ ሦስተኛ ጥናት በአውስትራሊያ፣ በሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተደርጓል። በዚያ ጥናት ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባቸው ሴቶች በአንጀት ውስጥ የሚቦኩ ስኳሮች የቀነሱበትን ምግብ ለተወሰነ ጊዜ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ውጤት መሠረት ከ10ሩ 6ቱ ያህል የሆዳቸው መነፋትና መታወክ ጐልቶ ሲቀንስላቸው፣ በተለመደው ምግብ ጊዜ ግን የተሻላቸው ከ4ቱ አንዷ ያህል ብቻ ነበሩ። ከተቀነሱት ስኳሮች አንዱ ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ነው። እንግዲህ አንዳንዶቹን ሴቶች የሚያስቸግራቸው ወተቱ በሙሉ ሳይሆን በወተቱ ውስጥ ያለው ስኳር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ሕመም አንድ የተለየ አመጋገብ ለማዘዝ በቂ ማስረጃ አላገኘም።

የወተት ዐይነት ሁሉ አንድ አይደለም

ላክቶስን በአንጀት ውስጥ የሚፈጨው ንጥረ ነገር በሕፃንነት ብዙ ሆኖ በአዋቂነት የሚቀንስባቸው ሰዎች በዓለም ላይ ከ3ቱ 2ቱ ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። በምሥራቅ አፍሪካ ከብትና ግመል አርቢ ሕዝቦች መካከል ግን በአዋቂነትም ወተትን ያለ ችግር የሚፈጩ ብዙዎች ናቸው፤ ይህም ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ ጠባይ ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለች፣ ከደጋም ከቆላም ከባሕር ማዶም የመጣ ሕዝብ በሚኖርባት ከተማ አንዱን የተስማማ ወተት ሌላውን ቢያስቸግረው አያስገርምም።

ለዚህ ጕዳይ የገበያው ሀብት ራሱ መፍትሔ ይሰጣል። አንድ ብርጭቆ የላም ወተት 12 ግራም ያህል ላክቶስ አለበት፤ ላክቶስ የማይስማማቸው ብዙ ሰዎችም ይህን ያህሉን በአንድ ጊዜ፣ በተለይም ከምግብ ጋራ፣ ሊችሉት እንደሚችሉ ታውቋል። እርጎ ሲረጋ ከላክቶሱ ከፊሉ ወደ አሲድ ይለወጣል። አይብ ሲወጣ ብዙው ላክቶስ ከአጓቱ ጋራ ይሄዳል፤ በንጥር ቅቤ ውስጥ ደግሞ የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ትኩስ ወተት ሆዷን የሚነፋት ሴት እርጎውንና አይቡን ሳትሞክር የወተት ተዋጽኦን ሁሉ ብትተው ያለ ምክንያት ብዙ ነገር ታጣለች።

የግመል ወተት በዚህ አገር ታላቅ ስም አለው። ከላም ወተት ይልቅ ሳይበላሽ ይቈያል፤ በሽንሌና በጅግጅጋ በኩል አርግተው ዳናን የሚሉትን መጠጥ ያደርጉታል፤ ወደ ጅቡቲም ይሻገራል። ቤታ ላክቶግሎቡሊን የሚባለው፣ በላም ወተት ውስጥ የሚገኘውና አንዳንድ ሰዎችን የሚያስቈጣው ፕሮቲን የለበትም። ይሁን እንጂ የላክቶሱ መጠን ከላም ወተት ጋራ የሚቀራረብ ስለሆነ፣ ላክቶስ ለማይስማማት ሴት «የግመል ነውና አይነካሽም» ብሎ መሸጥ ትክክል አይሆንም። ለኢንዶሜትሪዮሲስ መድኃኒት ነው ብሎ መሸጥማ ያልተረጋገጠ ነገር መናገር ነው።

የዱቄት ወተትም እንዲሁ ነው። ቅባቱ ያልወጣለት የዱቄት ወተት ከመቶ 38 እጅ ያህሉ ላክቶስ ነው፤ ቅባቱ በወጣለት ደግሞ ግማሽ ያህል ይደርሳል። ለሻይና ለቡና የሚጨመረው ነጭ ዱቄትም ወተት የሌለበት ቢባል እንኳ ብዙ ጊዜ ከወተት የተገኘ ፕሮቲን ይጨመርበታል። አስመጪው በጣሳው ላይ የተጻፈውን ሳያነብ «ወተት የለበትም» ሊል አይገባውም።

ከጥሬና ከቅባት እህል የሚገኘው ምትክ

የኢትዮጵያ ቤቶች የወተት ምትክን ከውጭ ከሚመጣው ካርቶን አልተማሩም። ሱፉ ተወቅጦ በውኃ ተበጥብጦ ሲጠለል፣ ተልባው ተቈልቶና ተወቅጦ ሲበጠበጥ፣ ሰሊጡም እንዲሁ ሲሠራ የኖረ ነገር ነው። የሐረርጌ ለውዝ በተለይ ከባቢሌ፣ ከጉርሱምና ከፈዲስ ይመጣል፤ አኵሪ አተር ደግሞ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ይቀርባል። ከውጭ የሚገቡት የአጃና የአልሞንድ መጠጦች ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው፤ በአልሞንዱ ውስጥም ያለው ፕሮቲን ከላም ወተት ጋራ ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው። በፕሮቲን በኩል ለላም ወተት የሚቀርበው የአኵሪ አተሩ ነው፤ ይህም ጥሬው ለጨጓራ የማይስማማ ስለሆነ ከተፈጨ በኋላ በደንብ መፍላት አለበት።

እነዚህ ሁሉ ከላክቶስ ነጻ ናቸው። ነገር ግን ከላክቶስ ነጻ መሆን ብቻውን ለሆድ ቀላል አያደርግም። ከሙሉው አኵሪ አተር የሚሠራው ወተት ከላይ እንደ ተጠቀሱት ያሉ የሚቦኩ ስኳሮች አሉበት። የወተትን ወጥ ትቶ ሽሮና ክክ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ማብዛትም ሆድን ሊነፋ ይችላል፤ እነርሱም በዚያው ዝርዝር ውስጥ የሚገኙ ናቸውና።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የካልሲየም ነገር ነው። አንዲት ጐልማሳ ሴት በቀን 1,000 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋታል፤ አንድ ብርጭቆ የላም ወተት ከዚህ 300 ሚሊግራም ያህሉን ይሰጣል። ካልሲየም ያልተጨመረበት የአኵሪ አተር ወተት ግን የሚሰጠው ከዚያ አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻ ነው። ለኢንዶሜትሪዮሲስ ከሚታዘዙት የሆርሞን መድኃኒቶች አንዳንዶቹ አጥንትን ስለሚያሳሱ፣ መድኃኒቱን እየወሰደች ወተትን ያለ በቂ ምትክ የምትተው ሴት በሁለት በኩል ትጐዳለች። ጤፍና ዳጉሳ ከስንዴ ይልቅ በካልሲየም የበለጸጉ መሆናቸው የአገሩ ሰው መልካም ዕድል ነው፤ ጐመንም ይረዳል። ሰሊጥ ከነገለባው ብዙ ካልሲየም ቢኖረውም በገለባው ውስጥ ያለው ለሰውነት በቀላሉ አይገኝም። እንግዲህ የታሸገ ምትክ የሚያስመጣ ነጋዴ ካልሲየም የተጨመረበትን መርጦ ቢያስመጣ፣ ለሸማቿ የሚያደርግላት ትልቅ ነገር ነው።

የለውዝ ንግድ ደግሞ የራሱ ጥንቃቄ አለው። በምሥራቅ ሐረርጌ ለውዝ ላይ የተደረጉ ጥናቶች አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በአደገኛ መጠን የሚገኝበት ናሙና እንዳለ አሳይተዋል። ይህ መርዝ በማፍላትም ሆነ በመቍላት ፈጽሞ አይጠፋም። ደርቆ በንጹሕ መጋዘን ያልተቀመጠ ለውዝ «የጤና መጠጥ» ተብሎ ቢሸጥ በሽተኛዋን ከአንዱ ችግር ወደ ሌላው ማሻገር ይሆናል። የቀድሞው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ መሆኑ ለድሬዳዋ ነጋዴ የሚጠቅመው በእንዲህ ያለው ጕዳይ ነው።

የጾም ወራት የሚያስተምሩት

ነጋዴዎች የጾምን ወቅት የሚያውቁት በሽያጫቸው መዝገብ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ መሠረት ከድሬዳዋ ነዋሪዎች 71 ከመቶ ያህሉ ሙስሊሞች፣ 26 ከመቶ ያህሉ ኦርቶዶክሳውያን ስለ ነበሩ፣ በከተማዋ ወተት ፈላጊ በዐቢይ ጾምም አይጠፋም፤ የሱፍና የተልባ ፈላጊውም በዚያው ጊዜ ይበረክታል።

ለኦርቶዶክሳዊቷ ሕመምተኛ ግን ጾሙ ሌላም ነገር ያሳያታል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ይህም ሁለት የወር አበባ ዑደት ያህል ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ሕመሟ ቀለለ ወይስ አልቀለለም፣ ከፋሲካ በኋላ ወተት ስትጀምርስ ተመለሰ ወይ ብላ በየቀኑ በደብተር ብትጽፍ፣ ከሰው ወሬ የተሻለ ለሐኪሟ የምታሳየው ነገር ይኖራታል። ነገር ግን በጾም ወተት ብቻ ሳይሆን ሥጋ፣ ቅቤና ዕንቁላልም ስለሚቀር፣ የተሻላት እንደ ሆነ ያሻላት የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት በሌላ ጊዜ ወተቱን ብቻ ለጥቂት ሳምንታት ትታ መመልከት ያስፈልጋታል። የማትጾምም ሴት እንዲሁ ማድረግ ትችላለች። ለውጥ ካላየች ወተቷን በሰላም ትመለስበት፤ ያለ ጥቅም ራሷን ከምግብ መከልከል የለባትም።

ለነጋዴው የሚቀረው ሥራ

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የወተት ንግድ በአብዛኛው የሴቶች ንግድ ነው። በሐረርጌ ደጋ ሴቶች ወተታቸውን በአንድነት ሰብስበው በየተራ ገበያ የሚያወጡበት የቈየ ልማድ አላቸው፤ የሶማሌ ሴቶችም የግመሉን ወተት ከመንደር ሰብስበው ወደ ከተማ ያመጣሉ። ከወተቱ የሚገኘው ገንዘብ የቤቱን ጨውና ስኳር፣ የልጆቹንም ልብስ የሚገዛ ነው። ወተት የሴቶች ጠላት ነው የሚል ያልተረጋገጠ ወሬ ቢስፋፋ፣ የሚጐዱት በመጀመሪያ እነዚሁ ሴቶች ናቸው። በአንጻሩ ወተት ለሁሉ ይስማማል ማለትም፣ የእውነት የማይስማማትን ሕመምተኛ ቃል መናቅ ነው። ነጋዴው ከሁለቱ አንዱን ወገን መያዝ አያስፈልገውም። ሥራው የሚሸጠውን ነገር ምንነት በትክክል መናገር ነው።

ይህንም ለመፈጸም የሚከተሉት ነገሮች ይበቁታል።

አንደኛ፤ ባለሱቁ የላሙን፣ የግመሉንና የፍየሉን ወተት ሳይቀላቅልና ውኃ ሳይጨምር በየስሙ ይሽጥ። ሸማቿ የትኛው እንደሚስማማት መለየት የምትችለው የገዛችውን በእርግጥ ስታውቅ ብቻ ነው። ጥሬ ወተት እንደ ብሩሴሎሲስ ያለ በሽታ ስለሚያስተላልፍ እንዲፈላ መንገርም ተገቢ ነው። የወተቱ ዕቃ በወይራ ጭስ መታጠኑ መልካም ሽታ ቢሰጠውና እንዳይበላሽ ቢረዳውም የማፍላትን ሥራ አይተካም።

ሁለተኛ፤ አስመጪው የታሸገ ምትክ ሲያዝ የካልሲየሙን፣ የስኳሩንና የፕሮቲኑን መጠን ይመልከት፤ ከወተት የተገኘ ነገር እንዳለበትም ይመርምር፤ ሸማቿም እንድታነበው ጽሑፉ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋዎች እንዲሆን ይጣር። ብዙ ስኳር የተጨመረበት መጠጥ በምትክ ስም ቢሸጥ ለበሽተኛዋ አይረባም።

ሦስተኛ፤ ላኪው የሰሊጥና የአኵሪ አተር ሀብታችን በብዛት ሳይፈበረክ በጥሬው ወደ ውጭ እንደሚሄድ ያስብበት። ካልሲየም የተጨመረበት የአገር ውስጥ መጠጥ በንጹሕ ፋብሪካ ተዘጋጅቶ ቢቀርብ፣ በጾም ወራት በመላው አገር ፈላጊ ይኖረዋል፤ ጅቡቲም ሩቅ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የባቡር ሐዲድም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2022 የተመረቀው የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጠና ለዚህ ዐይነት ሥራ የሚመቹ ናቸው።

አራተኛ፤ ማንኛውም ነጋዴ «ኢንዶሜትሪዮሲስን ያድናል» የሚል ቃል በዕቃው ላይ አይጻፍ፤ በአፉም አይናገር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813/2006 እና የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112/2011 ሸማቹን ከሚያሳስት የዕቃ መግለጫና ማስታወቂያ ለመጠበቅ የወጡ ናቸው። ሕጉም ባይኖር የተታለለች በሽተኛ ወደዚያ ሱቅ ሁለተኛ አትመለስም።

በየወሩ ከሥራዋ የሚያስቀር ሕመም ያላት ሴት መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ሐኪም መሆን አለበት። ከሐኪሙ ስትመለስ ግን የምትገባው ወደ ገበያ ነው። በዚያም ንጹሕ ወተት፣ የረጋ እርጎ፣ ያልሻገተ ለውዝና መጠኑ በትክክል የተጻፈበት ምትክ ካገኘች፣ የትኛው እንደሚሻላት በራሷ አካል መርምራ ልታውቅ ትችላለች። የድሬዳዋ ነጋዴ ይህን ሁሉ በአንድ ከተማ ውስጥ ለማቅረብ የሚችል ስለሆነ፣ የሚጠበቅበት ዕቃውን በስሙ ጠርቶ መሸጥ ነው።